ጉባኤተኛውና የተቀመጠበት መሬት

አዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ቃል ኪዳን የተፈረመባት ከተማ ከሆነችበት ጊዜ አንሥቶ፣ ከአራቱ ማዕዘነ ዓለም የሚመጡ ልዑካንና ሊቃውንት፣ ሐኪሞችና የሕግ ዐዋቂዎች፣ መሐንዲሶችና የንግድ ሰዎች በየአዳራሾቿ ተቀምጠው ሲመክሩና ሲከራከሩ ይሰነብታሉ፤ ምክሩ ተፈጽሞ፣ የአቋም መግለጫው ተነብቦ፣ የመሰነባበቻው ንግግር ካበቃ በኋላም ከመርሐ ግብሩ ግርጌ «የከተማ ጉብኝት» የሚል አንድ መሥመር ተጽፎ ይገኛል። ያች መሥመር በብዙ አዘጋጆች ዘንድ ከምግብና ከመጓጓዣ ተርታ የምትቈጠር ትርፍ ነገር ናት። እኔ ግን ከጉባኤው ቀናት ሁሉ ይልቅ ከተማይቱ ስለ ራሷ የምትናገርባት፣ እንግዳውም የመጣበትን ሀገር የሚያውቅባት ጊዜ እርሷ ብቻ ስለ ሆነች፣ አሁን ካላት ቦታ ከፍ ያለ ቦታ ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው እንዲህ ነው። በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ ኮስተሮች ከሆቴሉ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ እንግዶቹም የጉባኤውን ባጅ ከአንገታቸው ሳያወልቁ፣ አንዱ የማታ በረራውን ሰዓት እያሰላ፣ ሌላው በስልኩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር እየተነጋገረ ይሳፈራሉ። አስጎብኚው የመንገዱ መጨናነቅ ከፈቀደለት እንጦጦ አውጥቶ ከተማይቱን ቁልቁል ያሳያቸዋል፤ በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን ዐፅም ቅጂ ያስጎበኛቸዋል፤ ሽሮ ሜዳ አውርዶ ነጠላና ጥልፍ ያስገዛቸዋል፤ ማታም ከባህል ምግብ ቤት አድርሷቸው እስክስታ እያዩ እራታቸውን ይበላሉ። በመካከሉ በስድስት ኪሎ አደባባይ ሲያልፉ የሰማዕታቱ ሐውልት በመስኮት ይታያል፤ ስልኮች ይነሣሉ፤ መኪናው አደባባዩን ዞሮ ይሄዳል።

ከእነዚህ ነገሮች አንዱንም አልነቅፍም፤ እንጦጦ የከተማይቱ እናት ናት፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንግሥ ዘውድ የደፉት በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ሥራውን የሚገዛው እንግዳ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ነቀፋዬ እንግዳውን ከተቀመጠበት ቦታ አንሥተን ሩቅ ወስደን ሩቁን ስናሳየው፣ እግሩ የረገጠውን መሬት ግን ሳናስታውቀው በመመለሳችን ላይ ነው።

የአፍሪቃ ኅብረትን ታላቅ ሕንፃ እንመልከት። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የቻይና መንግሥት ያሠራው፣ ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው ይህ ሕንፃ፣ የቆመው ዓለም በቃኝ ይባል በነበረው ወኅኒ ቤት ግቢ ላይ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማግሥት ፋሺስቶች የያዟቸውን ኢትዮጵያውያን አጉረውበታል፤ ከዚያም በኋላ የመጡት መንግሥታት እያንዳንዳቸው በተራቸው ተጠቅመውበታል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታም የደርግ መንግሥት ያለ ፍርድ የገደላቸው የንጉሠ ነገሥቱ ባለ ሥልጣኖችና መኮንኖች ደም የፈሰሰው በዚሁ ነው። ከሟቾቹም አንዱ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአንድነቱን ቃል ኪዳን ሲፈርሙ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር እርሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ድርጅቱ ሲወለድ የአስተናጋጁን መንግሥት ጉዳይ ይመሩ የነበሩት ሰው፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የተገደሉበት ግቢ፣ ዛሬ የዚያው ድርጅት ወራሽ ስለ ሕግ የበላይነትና ስለ ሰብአዊ መብት የሚመክርበት ግቢ ሆኗል። ይህን የሚያህል ነገር በምን ሌላ ከተማ ይገኛል? ከዚያ አዳራሽ ተነሥቶ ወደ ኤርፖርት ከሚሄደው ልዑክ ስንቱ ይህን ሰምቶ ይሄዳል?

ስለ ድንቅነሽም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተመራማሪዎቹ በአፋር፣ ሐዳር በተባለው በረሓ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን ዐፅም ያገኙት ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ባለ ሥልጣኖቹ በተገደሉ በማግሥቱ ማለት ነው። በመዲናይቱ የሰው ልጆች ተገድለው ሲቀበሩ፣ በበረሓው ደግሞ ከሰው ልጅ ጥንታውያን ዘመዶች የአንዷ ዐፅም ከመሬት ይወጣ ነበር። ሁለቱን ቀኖች ጐን ለጐን የሚያቆም አስጎብኚ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እንግዳው ግን በሙዚየሙ መስታወት ፊት ቆሞ ይህን ቢሰማ፣ ያየውን ዐፅም ዕድሜውን ሙሉ የሚረሳ አይመስለኝም።

በእኔ አስተያየት ለጉባኤተኛ የሚገባው መንገድ አጭር ነው፤ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው አንዱ መንገድ ይበቃል። ከአምስት ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የከተማይቱ የክብርና የመከራ ታሪክ፣ የአህጉሩም ታሪክ ጭምር፣ ተራ በተራ ቆሞ ይጠብቃል። በመጀመሪያ ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪቃ አዳራሽ አለ። ከመግቢያው ፊት ለፊት የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ በሦስት ክፍል ተከፍሎ የአፍሪቃን የትናንት ስቃይ፣ ትግሏንና የነገ ተስፋዋን ያሳያል። የመስታወት ሥዕል ከሸራ ሥዕል የሚለየው ፀሐዩ አብሮ ስለሚሠራው ነው፤ ጧት ያየው ሰውና በዘጠኝ ሰዓት ያየው ሰው አንድ ቀለም አላዩም። ስለዚህም በዚያ ፊት ለፊት አንድ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ብዙ መኪና ውስጥ ገብቶ ከመውጣት ይበልጣል። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና በመከፈቱ፣ እንግዳ ለመቀበል የሚከለክለው ሰበብ የለም።

ሽቅብ ሲወጣ የምኒልክ ግቢ ይገኛል፤ በአራት ኪሎ አደባባይ የሚያዝያ 27 መታሰቢያ ቆሟል፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን አርፈዋል። ሲልቪያ ፓንክረስትም፣ ዓለም ሁሉ ዝም ባለበት ዘመን በለንደን ጋዜጣ አሳትማ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገተች እንግሊዛዊት፣ በዚያው ቅጽር ተቀብራለች። በዓለም በቃኝ የተገደሉት ባለ ሥልጣኖች ዐፅምም በኋላ ተነሥቶ በክብር ያረፈው እዚሁ ስለ ሆነ፣ ጉብኝቱን ከኅብረቱ ሕንፃ የጀመረ እንግዳ በሥላሴ ቅጽር የዚያን ታሪክ ፍጻሜ ያገኛል። ይህ ሁሉ ግን ከስድስት ኪሎ ጋር ሲነጻጸር መግቢያ ነው።

ስድስት ኪሎ ላይ ሊቆይ ይገባል። የሰማዕታቱን ነጭ ሐውልት ከመኪና ወርዶ፣ ቀርቦ፣ ዙሪያውን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ዩጎዝላቮቹ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች በነሐስ የቀረጿቸው ምስሎች ከመስኮት አይነበቡምና። ቀርቦ ያየ የሚገደለውንና የገዳዩን፣ የሟቹንና የአልቃሹን መልክ ለይቶ ያያል። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰብስቦ በቆመበት ቦታ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ በወረወሩበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማይቱ የታረደውን ሕዝብ ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሎ ለዓለም አስታውቋል፤ ነገሩን ለብዙ ዓመታት የመረመረው ኢያን ካምቤል ወደ 20 ሺህ ገደማ ያደርሰዋል። አስጎብኚው ሁለቱንም ቁጥሮች ከነምክንያታቸው ቢነግር አያፍርበትም፤ የተማረ እንግዳ ከአንድ ከተጋነነ ቁጥር ይልቅ በሐቀኝነት የቀረቡ ሁለት ቁጥሮችን ያከብራል።

በዚያው ግቢ፣ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያደረጉ የሠሩት የድል ምልክታቸው ነው፤ ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። የአንድ ሕዝብ ጠባይ በዚህ ትንሽ ነገር እንዲህ ጐልቶ የሚታይበት ቦታ በሌላ ስፍራ አላየሁም፤ የዚህን ደረጃ ነገር ለብዙ ጊዜ ባስብም አልሰለቸኝም። ከቤተ መንግሥቱም ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ለጎብኚ ክፍት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጨረሻ በእንግድነት ሳይሆን በመያዣነት የተቀመጡት መኳንንትና ሚኒስትሮች በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን በጥይት ተደበደቡ፤ ዓመት ያህል ቈይቶም ቤቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ የደም ቦታ የትምህርት ቦታ ሆነ። ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት በእግር ማየት ይቻላል።

እንግዶቹ ለሥራ የመጡ፣ የደከሙ ሰዎች ናቸው፣ ዘና ይበሉ እንጂ ስለ እስርና ስለ ሞት ምን አሰማቸው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ገመናችንን ለባዕድ ለምን እንዘረግፋለን የሚሉም አሉ። ዕረፍቱን አልከለክልም፤ እራቱና ጭፈራው በቦታው ይሁን። ስለ ገመናው ግን፣ ኪጋሊ የሚሄድ ልዑክ ሁሉ ከዘር ማጥፋቱ መታሰቢያ ገብቶ አበባ ያኖራል፤ በሮበን ደሴት የቀድሞ እስረኞች እንግዳውን ያስጎበኛሉ፤ ጋና የኬፕ ኮስትን የባሪያ ምሽግ፣ ሴኔጋልም ጎሬን ለእንግዳ አትደብቅም። ከእነዚህ አገሮች የመጣው ጉባኤተኛ የራሱን ቍስል አሳይቶን የእኛን ብንሸሽገው፣ በእኛ ላይ ያለው ግምት ከፍ አይልም። ባዕድስ ማን ነው? ይህች ከተማ የአፍሪቃ መዲና ነኝ ብላ ስታበቃ፣ አፍሪቃዊውን እንደ ባዕድ ብታስተናግደው ስሟን ራሷ ታፈርሳለች።

ለጉባኤ መጥቶ የዚህችን ከተማ ነገር በልቡ ይዞ የሄደ አንድ ታላቅ ሰው ሁላችን እናውቃለን። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ የመጣው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪቃ የነጻነት ንቅናቄ ባደረገው ጉባኤ ላይ የራሱን ድርጅት ወክሎ ሊናገር ነበር። በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ስለዚያ ጉዞ ከጻፈው ውስጥ ጐልቶ የሚታየው፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ጥቁር አብራሪ ሲያይ የተሰማው ድንጋጤና በጥቁር የጦር መኮንኖች የሚታዘዙ ጥቁር ወታደሮችን ሲያይ የተሰማው ስሜት ነው። በዚያው ዓመት ተመልሶ በኮልፌ የጦር ትምህርት ተቀበለ። ያን ሰው የነካው የተራራው ውበት አልነበረም፤ የራሱን ጥያቄ የሚመልስ ነገር በዐይኑ ማየቱ ነበር። ዛሬ የሚመጣው እንግዳ የተለየ ጥያቄ ይዞ ይመጣ ይሆናል፣ ነገር ግን ይዞት ለመጣው ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ስፍራ ብናሳየው ከዚያ ያላነሰ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህም ጉብኝቱ እንደ ጉባኤው ዓይነት ቢለያይ መልካም ነው። ሐኪሞች ከሆኑ በምኒልክ ስም የቆመውን አንጋፋ ሆስፒታል፣ የባቡርና የመንገድ ሰዎች ከሆኑ ለገሃርንና በፊቱ የቆመውን፣ ተዘርፎ ሮማ ደርሶ የተመለሰውን የይሁዳ አንበሳ ይዩ። የደንና የአየር ንብረት ሊቃውንት ከሆኑ ደግሞ እንጦጦን በእውነት የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ ከተማይቱ እንጨት ጨርሳ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ባሰቡበት ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ እንዴት እንዳስቀራቸው፣ ያም ዛፍ ዛሬ በራሱ ስንት ክርክር እንዳስነሣ በዚያው በጫካው ውስጥ ቆመው ይመርምሩ።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአስጎብኚው ትከሻ ላይ ነው። በአብነት ትምህርት ቤታችን የትርጓሜ መምህር ንባቡን ያስነብባል፣ ነጠላውን ይፈታል፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ያራቅቃል፤ ስለ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት መንገድ ሲያመጣ ተማሪው አይደናገርም፣ ይሰፋል እንጂ። ከተማይቱንም በዚህ ሥርዓት የሚያነብብ ሰው ነው የምንፈልገው፤ ዓመተ ምሕረትና የነገሥታት ስም በቃሉ የሚደረድር ሰው ብዙ አለን። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ወር ሥልጠና አይገኝም፣ ለግማሽ ቀን በሚከፈለው ጥቂት ገንዘብና ከዕቃ መሸጫ ሱቆች በሚያገኘው ኮሚሽንም አይኖርም። ከሱቁ ኮሚሽን የሚኖር አስጎብኚ እንግዳውን ወደ ሱቅ ቢያጣድፍ የሚፈረድበት እርሱ አይደለም፤ ደመወዙን የወሰነው አዘጋጅ ነው። የታሪክና የቅርስ ትምህርት የተማሩ ወጣቶች ሥራ ሲፈልጉ እናያለን፤ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓንኛና ስዋሂሊ ናቸው፤ ከእነዚህ በአንዱ ጠንቅቆ የሚናገር፣ ታሪኩንም ከምንጩ ያጠና አስጎብኚ ማፍራት ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚከብድ ሥራ አይደለም።

አስጎብኚው ሊናገረው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የሌለው ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ተነሥተዋል፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በጊዮርጊስ አጠገብ ተከፍቷል። አዲሱን ሲያሳይ በቦታው ማን ይኖር፣ ምን ይሸጥ፣ ምን ይዘፈን እንደ ነበር ጭምር ይንገር፤ ሙገሳም ወቀሳም ሳይጨምር የነበረውን እንደ ነበረ ይናገር፣ ፍርዱን እንግዳው ራሱ ይስጥ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው። ጉብኝቱ ከመጨረሻው ቀን ከሰዓት ወደ መጀመሪያው ቀን ጧት ይዛወር፤ ልዑኩ የከተማይቱን ታሪክ ሰምቶ ወደ አዳራሹ ቢገባ፣ በአዳራሹ የሚናገረውም ነገር ክብደት ያገኛል፣ ከሻይ ዕረፍቱም ወሬ የተሻለ ወሬ ይኖረዋል። በአንድ ኮስተር ሠላሳ ሰው ማጨቅ ይቅር፤ ለዐሥራ አምስት ሰው አንድ አስጎብኚ ይመደብ። የሚጎበኙት ስፍራዎች ከሦስት አይብለጡ። በቀድሞው ዓለም በቃኝ ግቢ መታሰቢያ እንዲቆም ሐሳቡ ከቀረበ ብዙ ዓመታት ስለ ሆነው፣ ኅብረቱና የከተማይቱ አስተዳደር ያን እስኪፈጽሙ ድረስ፣ ቢያንስ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ጉባኤተኞቹን ከአዳራሹ አውጥቶ በግቢው ውስጥ ሩብ ሰዓት እንዲያናግራቸው የጥበቃ ክፍሉ መግቢያ ይስጠው፤ ለዚህ ገንዘብም ሕንፃም አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ነው።